ስለ ዱባና ስለ ኪያር አበባ ፆታ፤ ለሹማምንትና ለባለ ይዞታዎች የቀረበ አሳብ

ዱባ የዘራ ገበሬ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ፍሬ ሳይዙ ሲረግፉ ባየ ጊዜ ዘሩን መውቀሱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ዱባና ኪያር በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣሉ፤ ቀድሞ የሚያብበውም ብዙውን ጊዜ ወንዴው ነው። ፍሬ የምትይዘው ከሥርዋ ትንሽ እብጠት ያላት ሴቴዋ ብቻ ናት። ስለዚህ የሴቴ አበባ ቍጥር የምርቱን መጠን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው።

አዳቃዮች ይህን ተመልክተው ሴቴ አበባ ብቻ የሚያወጣ የኪያር ዘር አስገኝተዋል። ምክንያቱም ታውቋል፤ ሙዝን የሚያበስለው ኤትሊን የተባለው አየር በኪያር ውስጥ ሲበዛ ሴቴ አበባ ይበዛል፤ ይህን አየር የሚሠራው ጂን ተደግሞ የተገኘበት ኪያርም ሴቴ ብቻ ያብባል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ስለ ሜሎን የታተመው ጥናት ደግሞ ሴቴ አበባ የወንዴ ክፍል እንዳታበቅል የሚከለክላት ኤትሊን የሚሠራ ጂን መሆኑን አስረድቷል። እንግዲህ አዳቃዩ ከችግኙ ቅጠል ጥቂት ወስዶ በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ያለውን ምልክት ቢመረምር፥ አበባ ሳይጠብቅ የሚፈልገውን ይመርጣል፤ ጊዜና መሬትም ይተርፈዋል።

ሆኖም በዚህ ጥበብ ስም የመጣውን ዘር ሁሉ ሳይፈትኑ ለሕዝብ ማደል አይገባም። አንደኛ፥ ያለ ብናኝ የሚያፈራ ዓይነት ካልሆነ በቀር ሴቴ ብቻ የሚያብብ ተክል በመካከሉ ወንዴ አበባ ያለው ካልተዘራና ንብ ካልጎበኘው ፍሬ አይሰጥም። ሁለተኛ፥ ሙቀት ሲጸና ወንዴ አበባ ይበዛልና፥ በዓለም ከተማ አካባቢ የታየው ውጤት ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ቆላ ሲወረድ ላይጸና ይችላል። ሦስተኛ፥ በኪያር የተገኘው ምልክት ያለ ፈተና ለዱባ አይዛወርም። አራተኛ፥ ከድቅል ተክል ፍሬ የተለቀመ ዘር ቢዘራ እንደ ወላጁ ስለማይወጣ ገበሬው በየዓመቱ ዘር ገዢ ይሆናል።

ስለዚህ በመርሐ ቤቴም ሆነ በሌላው ወረዳ ያላችሁ ሹማምንት የየቀበሌውን ነባር የዱባ ዘር ከነስሙና ከነቦታው አሰብስባችሁ ለኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ብትልኩ መልካም ነው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልም አዲሱን ዘር ከነባሩ ጋር ጎን ለጎን በከፍታውም በቆላውም እንዲፈትን ይጠየቅ። አበባ በሚከፈትበት ማለዳ ንብ የሚገድል መርዝ እንዳይረጭም ይከልከል። በምልክት መምረጥ የሚቻለው ካለው ዘር ውስጥ ብቻ ነውና፥ ነባሩ ከጠፋ በኋላ መርማሪው ቢመጣ የሚመርጠው አያገኝም።