ኮዲንግ ከመሬት ይጀመር

በሐምሌ 2016 «የ5 ሚሊዮን ኮደርስ» ፕሮግራም ይፋ ከሆነ ወዲህ አስተማሪ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ትደጋግሙልኛላችሁ። «ቲቸር፣ ስልጠናው ኦንላይን ነው፤ እዚህ ጂንካ ኔትወርክ እየተቆራረጠ፣ ላፕቶፕ ሳይኖር፣ ለልጆች ኮዲንግ እንዴት እናስተምር?»

መልሴ አጭር ነው። ላፕቶፑን አትጠብቁ፤ ከመሬት ጀምሩ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲይሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰለሞንና ባልደረቦቻቸው ሎጎ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ለልጆች ሠሩ። ትንሽ ቆይቶ ወለል ላይ እየሄደች በእስክሪብቶ መስመር የምታሰምር ሮቦት ተጨመረችለት፤ ስሟን ኤሊ አሏት። ልጁ «ወደፊት 50፣ ቀኝ 90» ይላታል። ይህንኑ 4 ጊዜ እንድትደግም ሲያዛት ካሬ ትስላለች። በቃ፣ ፕሮግራም ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ልጁ ትእዛዞቹን ሰብስቦ «ካሬ» የሚል ስም ይሰጣቸዋል፤ ቀጥሎ «ካሬ» ብቻ ሲላት ሁሉንም ትሠራለች።

ለዚህ ሮቦት አያስፈልግም። የትምህርት ቤቱ ግቢ ይበቃል። አንዱ ልጅ እንጨት ይዞ ኤሊ ይሁን፤ ሌላው ይዘዘው። ደንቡ አንድ ነው፦ ኤሊው የተባለውን ብቻ ይሠራል፣ ገምቶ አይሠራም። «ትንሽ ሂድ» ካሉት ዝም ብሎ ይቆማል። ትንሽ ስንት እርምጃ ነው? ልጆቹ እየሳቁ ትእዛዛቸውን ያርማሉ።

በየትኛው ቋንቋ? በአሪኛ፣ በሐመርኛ፣ በማሌኛ፣ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ። ዋናው ቃሉ ሳይሆን ስምምነቱ ነው። ጂንካ የሚያርፈውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን እዩ፤ መለያው «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል። ሁለቱ ፊደላት ለአገራችን በዓለም አቀፍ ስምምነት ከተመደቡ የሬዲዮ ጥሪ ምልክቶች የመጡ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያም «ኢቲ3ኤኤ» ተብሎ ይጠራል። ጃፓን ያለ የሬዲዮ ሰው ይህን ሲሰማ፣ አንድ የአማርኛ ቃል ባያውቅም፣ ጥሪው ከኢትዮጵያ መሆኑን ያውቃል። የኤሊዋ ትእዛዝም እንደዚሁ ነው፤ አዛዡና ታዛዡ አስቀድመው ከተስማሙ ይሠራል።

«ኮምፒውተር እንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹን ታደናግራለህ» የሚሉኝ አሉ። እንግሊዝኛው ይድረሳል፤ ማንም አልከለከለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኪቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው የአካባቢያችን ልጅ ነው። አዲስ አስተሳሰብና የባዕድ ቋንቋ በአንድ ሳምንት ይወርዱበታል። ኮዱን እንደ ዳዊት ይሸመድዳል፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ «ይሄ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ዲፓርትመንት ይቀይራል። ጎበዝ ጎበዞቹን እንዲህ ሲሄዱ አይቻለሁ። የጎደላቸው ጭንቅላት አልነበረም፤ በራሳቸው ቋንቋ፣ በልጅነታቸው የሚያስጀምራቸው ሰው ነበር።

እስቲ በመጪው ቅዳሜ 5 ቃላት ብቻ ይዛችሁ ሞክሩት፦ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ድገም። በቋንቋችሁ ምን እንዳላችኋቸው ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አንድ ላይ እንሰብስባቸው።