የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው፤ በካናዳም

ባለፈው እሑድ እዚሁ ዊኒፔግ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ቶናውን ፉት ብለው «የዚህ አገር ውኃ ቡናውን እንዴት አጣፈጠው! ለመሆኑ ከየት ነው የሚመጣው?» ሲሉ ጠየቁ። ከመካከላችን ሃያ ዓመት የኖረው ሰው «ከቧንቧ ነዋ፣ እማማ» ብሎ መለሰላቸውና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን የውኃውን ታሪክ ስለማውቅ ሳቄ ብዙም አልቆየም። ለእርሳቸው የነገርኋቸውን ለእናንተም ላውጋችሁ። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ዊኒፔግ የምትጠጣው በማኒቶባና በኦንታሪዮ ወሰን ላይ ከሚገኘው ከሾል ሌክ ሐይቅ ነው። ከተማዋ በ1919 ሠርታ የጨረሰችው 155 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የውኃ መስመር ዛሬም አገልግሎት ይሰጣል። ሐይቁ ከከተማዋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውኃው በራሱ ቁልቁል ይመጣል። የመሐንዲስነቱን ሥራ ካየን እሰየው የሚያሰኝ ነው።

ሐይቁ ግን ባለቤት የሌለው አልነበረም። ሾል ሌክ 40 የሚባሉት፣ ከአኒሺናቤ ነባር ሕዝብ የሆኑት ወገኖች በዳርቻው ይኖሩ ነበር። መስመሩ ሲዘረጋ መንግሥት ከመሬታቸው ከፊሉን ለከተማዋ ሸጠባቸው፤ እነርሱም ተነሥተው ወደ ሐይቁ ገባ ወዳለ ልሳነ ምድር እንዲሄዱ ሆነ። ይህም አልበቃም። ረግረግ ያጠቆረው ውኃ ወደ ከተማዋ መሳቢያ እንዳይገባ ግድብ ተሠራ፣ ቦይም ተቆፈረ። ቦዩ መንደራቸውን ከየብስ ቆርጦ ደሴት አደረገው፤ ጥቁሩም ውኃ ወደ እነርሱ ወገን ዞረ።

ከ1997 ጀምሮ ደግሞ «ውኃውን ሳታፈሉ እንዳትጠጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣባቸው። ማስጠንቀቂያው 24 ዓመት ቆየ! ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ሊሆን ይችላል። የሚጠጡት የታሸገ ውኃ በበጋ በጀልባ፣ በክረምት በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ይጓጓዝላቸው ነበር። በረዶው ሊይዝ ወይም ሊቀልጥ ሲል ግን ጀልባም መኪናም አያስኬድም፤ ተሰብሮባቸው የሰመጡም አሉ። ሰዎቹ ግን ቀልድ ያውቃሉ። በ2014 ዊኒፔግ ውስጥ ትልቁ የካናዳ የሰብአዊ መብቶች ሙዚየም ሲከፈት፣ እነርሱም መንደራቸውን «የካናዳ የሰብአዊ መብት ጥሰቶች ሙዚየም» ብለው ሰይመው ጎብኚ ጠሩ። ትልቁም ሙዚየም የሚጠጣው ያንኑ ውኃ ነውና።

እማማ እዚህ ላይ አቋረጡኝ። «ልጄ፣ ቧንቧው ከደጃቸው ከተነሣ ለምን ከዚያው አይቀጥሉላቸውም?» አሉ። ደኅና ጥያቄ ነው፤ እኔም ድሮ ጠይቄዋለሁ። ከሐይቁ የሚነሣው ውኃ ገና ያልተጣራ ነው፤ የሚጣራው ከተማዋ አጠገብ ሲደርስ ነው። እኛ ራሳችን እስከ 2009 ድረስ የምንጠጣው ክሎሪን የተጨመረበትን እንጂ የተጣራ ውኃ አልነበረም። ክሎሪን ደግሞ ሁሉን አይገድልም፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የምትባል በዓይን የማትታይ ተውሳክ ትቋቋመዋለች። በ1993 አሜሪካ ውስጥ ሚልዋኪ ከተማ በከተማው ውኃ ገብታ ወደ 400,000 ሰው አሳምማለች። ስለዚህ ዊኒፔግ 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥታ ዘመናዊ ማጣሪያ ሠራች። ሐይቁ ዳር ያሉት ግን የራሳቸውን ማጣሪያ ለመሥራት ሲሚንቶና ብረት የሚያስገቡበት መንገድ እንኳ አልነበራቸውም።

በመጨረሻ መንገዱ ተሠራ። «የነፃነት መንገድ» ተብሎ የተሰየመው የ24 ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ በ2019 ተከፈተ። መንገዱ ማጣሪያውን አመጣ፤ በ33 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ጣቢያ በመስከረም 2021 ሥራ ጀመረና ማስጠንቀቂያው ተነሣ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው የፈጀው። እንግዲህ ችግሩ ሳይንስ እንዳልነበረ ልብ በሉ።

ማጣሪያ መሥራት አንድ ነገር ነው፣ ማሠራት ሌላ። መድኃኒቱን በልኩ የሚጨምር፣ ማጣሪያውን የሚያጥብ፣ ሌሊት ፓምፕ ሲቆም የሚነሣ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። እርሱም ደመወዝ ይፈልጋል። የፌዴራሉ መንግሥት ለረዥም ጊዜ የማሠሪያውን ወጪ 80 በመቶ እሸፍናለሁ፣ የቀረውን መንደሮቹ ይቻሉት ሲል ኖሮ፣ ሙሉውን እሸፍናለሁ ያለው በ2020 መጨረሻ ነው። ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይጠፋም፤ ለፓምፕ መለዋወጫ ግን ሪባን የለውም። (ይህን ከአገራችንም የምናውቀው ነው።)

የኔስካንታጋን ነገር ስነግራቸው እማማ ዝም አሉ። ከተንደር ቤይ ወደ ሰሜን 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ በአውሮፕላን የሚደረስበት የኦንታሪዮ መንደር ነው። ማጣሪያ ነበረው፤ በ1993 ተሠርቶለታል። የአፍሉ ማስጠንቀቂያው ግን ገና በየካቲት 1995 ወጣ። ከ2017 ጀምሮ ማጣሪያውን የማሻሻል ሥራ ተጀመረ፣ ተጓተተም። በጥቅምት 2020 በውኃ ማጠራቀሚያው ላይ ዘይት መሰል ነገር ታይቶ ቧንቧው ተዘጋና ነዋሪው ወደ ተንደር ቤይ ተጭኖ እስከ ታኅሣሥ ሆቴል ውስጥ ከረመ። ጀስቲን ትሩዶ በ2015 ሲመረጡ ለረዥም ጊዜ የቆዩትን ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ እስከ መጋቢት 2021 አነሣለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር። ብዙዎቹ ተነሡ፤ የኔስካንታጋው ግን በየካቲት 2025 ሠላሳ ዓመት ሞላው።

እማማ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ታዲያ የዚያ አገር ሰው ማጣሪያው ተጠገነ ቢሉት ያምናል?» አሉኝ። ሃያ ዓመት የኖረው ወዳጃችን ይህን ጊዜ አልቀለደም።