ላብ የጤና ማስረጃ አይደለም

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደልም ሆነ በፍቅር ሐይቅ በኩል፣ ለጤናው ብሎ የሚራመድና የሚሮጥ ሰው ማየት ደስ ያሰኛል። የሚያሳስበኝ ፀሐይ ከከረረች በኋላ ቱታ በቱታ ደርቦ፣ አንዳንዴም ከሥር ላስቲክ ለብሶ፣ ውኃ ሳይዝ የሚሮጠው ነው። «ላብ ካልወጣ ስፖርት አልተሠራም» የሚለው እምነት ከጂም እስከ ሐይቅ ዳር ነግሷል። እምነቱ ስሕተት ነው፤ ዕድሜ ለገፋ ሰው ደግሞ አደገኛ ስሕተት ነው።

ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ሦስት አራተኛ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያስወግደው ደም ወደ ቆዳ በመላክና በማላብ ነው። ላብ ግን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ብቻ ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ላስቲክ የለበሰ ሰው እንደተከደነ ድስት ነው፤ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ሙቀቱ ግን ውስጡ ይቀራል። ከሚዛን ላይ የጎደለውም ኪሎ ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ሲጠጣ ይመለሳል።

ከ40ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ይህ የማቀዝቀዝ አቅም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። እያንዳንዱ የላብ ዕጢ የሚያመነጨው ያንሳል፤ የቆዳ የደም ሥሮች እንደ ወጣትነት ዘመን አይሰፉም፤ ጥማትም ዘግይቶ ይሰማል። እንግዲህ ላብን መለኪያ ስናደርግ ምን እንደምንሠራ እናስተውል። የ65 ዓመት አባት እንደ ልጃቸው ባያልባቸው ሰንፈው አይደለም፤ ዕጢያቸው ስለደከመ ነው። «ገና አላላበዎትም፣ ይጨምሩ» የሚላቸው አሠልጣኝ ሙቀት ማስወጣት ያቃተውን ሰውነት ተጨማሪ ሙቀት እንዲያመርት እያዘዘ ነው። ለደም ግፊት የሚታዘዙ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችና ቤታ ብሎከሮች ደግሞ ጫናውን ያከብዱታል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም፤ ሐኪምን ማማከር ግን ግድ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ሸምግለዋል፣ ቤት ይቀመጡ» የሚል ካለ እርሱም ተሳስቷል። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ሲያገኝ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1972 በሙኒክ ነሐስ ሲወስድ ደግሞ 40። አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ አረጋዊ ሙቀትን ከማይንቀሳቀስ እኩያው በተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ ጠላታችን ሙቀቱ እንጂ ስፖርቱ አይደለም። በዶሃ እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀትን ለመሸሽ እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮ እንኳ ከ68 ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋርጠዋል። ከዓለም ምርጥ ሯጮች ብዙዎቹ ያልቻሉትን ሙቀት ጡረተኛ በወኔ ብቻ አይችለውም።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ ሐዋሳ ይበልጥ ትሞቃለች። ሰውነት አዲስ ሙቀትን ለመልመድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ዐርብ ማታ ከደጋ ገብቶ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሐይቅ ዳር የሚሮጥ ጎልማሳ ይህን ጊዜ ለሰውነቱ አልሰጠውም።

አሠልጣኞች ሆይ፣ በላብ መለካት ተዉ፤ ትንፋሽን ለኩ። እየተንቀሳቀሰ ማውራት የሚችል ሰው ልኩ ላይ ነው። የከተማው አስተዳደርም ሰው በሚበዛበት ሐይቅ ዳር የመጠጥ ውኃ ቧንቧና ጥላ ያዘጋጅ። እናንተ ወላጆቻችን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ተንቀሳቀሱ፤ ስስ ልብስ ልበሱ፤ ሳይጠማችሁ ውኃ ተጎንጩ። ሲሮጥ የቆየ ሰው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከተዝለፈለፈ ጥላ ሥር አስገቡት፤ ልብሱን አውልቁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አርሱት፣ አራግቡለት፤ ሐኪም ቤት ለማድረስም ወዲያውኑ እርዳታ ጥሩ። ያን ላስቲክ ግን ዛሬውኑ ጣሉት፤ ማንንም ጤነኛ አላደረገም።