ጾማችን የኖቤል ምስክር አያሻውም

ጾም ሴል ያድሳል፣ ዲኤንኤ ይጠግናል፣ እርጅናን ያዘገያል፤ ጃፓናዊው ሊቅ ኖቤል የተሸለሙትም ይህንኑ አረጋግጠው ነው። ሁዳዴ በቀረበ ቁጥር ይህ ወሬ በየስልኩ ይዞራል። ሰባኪው ያነሣዋል፣ የአመጋገብ አማካሪ ነኝ ባዩም ይነግድበታል። ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ግን ወሬው ከስሕተትነቱ ይልቅ ጉዳቱ ይብሳል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ሽልማቱን እንይ። ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሸለሙት ሴል የገዛ አካሉን ፈጭቶ መልሶ የሚጠቀምበትን መንገድና ይህን የሚመሩትን ጂኖች በማግኘታቸው ነው። ያጠኑት እርሾን ነው። እርሾው ተርቦ ነበር፣ አዎ፤ የጾመ ሰው ግን በሙከራው አልነበረም፣ ዕድሜው የተለካም የለም። የዲኤንኤ ጥገና ሽልማት ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቶማስ ሊንዳል፣ ፖል ሞድሪችና አዚዝ ሳንጃር በኬሚስትሪ ተካፍለውታል። ያ ጥገና ደግሞ ጠገብንም ራበንም ሌት ተቀን የሚካሄድ ነው።

ምግብ ሲቀነስላቸው ዕድሜያቸው የረዘመ አይጦች እንዳሉ አልክድም፤ ክላይቭ ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1935 አሳይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ወደ 40 በሚጠጉ የአይጥ ዘሮች ሲሞከር ዕድሜያቸው ከረዘመው ይልቅ ያጠረው በዛ። ደግሞስ የትኛው አይጥ? ሥራ ሳይኖረው፣ በጎጆው ውስጥ ቀን ከሌት ምግብ የማይጠፋበት የቤተ ሙከራ አይጥ። ከትርፉ የሚቀነስለት ትርፍ ስላለው ነው። ረጅም ዕድሜና የዲኤንኤ ጥገና ይዛመዳሉ፤ በምሥራቁ ቆላችን የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል ከ30 ዓመት በላይ ሲኖር ተራው አይጥ የሚኖረው ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳዩት፣ ረጅም ዕድሜ ያላቸው የአይጥ ወገን እንስሳት የተሰበረ ዲኤንኤን በተሻለ ይጠግናሉ። ይህ በትውልድ የመጣ ስጦታ ነው፤ በአንድ ሁዳዴ የሚገኝ አይደለም።

አሁን ወደ ቢቸና ዙሪያ፣ ወደ እነማይ ዋልካ እንምጣ። ፍልሰታ የሚውለው ከብት እየነዱ ማሳ አስረግጠው ጤፍ የሚዘሩበት ወቅት ሲያበቃ፣ ጎተራው ሊራቆት ጥቂት ሲቀረው ነው። ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስታርም የዋለች እናት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቷ ገብታ የምታገኘው ደረቅ እንጀራና የቀጠነ ሽሮ ነው። ልጆቿም አብረዋት ይጾማሉ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 ከመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። ለዚህ ቤት "መራብ ሴልህን ያድሳል" ማለት ምን ዓይነት ምክር ነው?

ዲኤንኤ በትክክል እንዲሠራ ፎሌትና ቫይታሚን ቢ12 ያስፈልጋሉ። ፎሌት ሲያንስ ዩራሲል የተባለው የማይገባ ፊደል በዲኤንኤው ውስጥ ይሰካል፤ እሱን ለማውጣት በሚደረገው ጥገና መካከልም ክሩ ይበጠሳል። እዚህ ላይ የጾም ምግባችንን ላመስግን፤ ምስሩም፣ ሽሮውም፣ ጎመኑም ፎሌት አላቸው። ቢ12 ግን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። በፍስክ የሚበላ ሰው ጉበቱ ለብዙ ወራት ያጠራቅምለታል፣ የሁዳዴው 55 ቀን አይጎዳውም። እንቁላሉ ሞጣ ገበያ ወጥቶ ጨውና ሳሙና ለሚሆንበት ቤት ግን ፍስኩም ጾም ነው።

ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ የሚያነሣው የኃጢአትን ሥርየትና የፈቃደ ሥጋን መገዛት ነው፤ ስለ ረጅም ዕድሜ የገባው ውል የለም። አባቶች በዚያ ረክተው ኖረዋል። የዛሬው ሰባኪ የቤተ ሙከራ ድጋፍ ያስፈለገው ለምን እንደሆነ ራሱ ይመልስ። እስከዚያው ዲኤንኤውን ለባለሙያው ትቶ፣ ነፍሰ ጡሯና አራሷ በንስሐ አባታቸው ፈቃድ መብላት እንደሚችሉ ከዐውደ ምሕረቱ ላይ ጮክ ብሎ ይንገርልን። ብዙዎቹ ፈቃዱ እያለላቸውም የጎረቤት ዓይን ፈርተው ይጾማሉና።