አሟሟቱን አላሳመሩለትም

«ዴዝ ኖት» በተነሳ ቁጥር የምሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ ማንጋው ላይት ያጋሚን እንደ ፈሪ ገደለው፣ አኒሜው ግን አዘነለት፣ አሟሟቱን አሳመረለት። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም የሚያውቁ ሰዎች ስለሆኑ ደፍሮ የሚከራከራቸው የለም። እኔ ግን ተሳስተዋል እላለሁ።

ታሪኩ የታወቀ ነው። ስሙ የተጻፈበትን ሰው የሚገድል ደብተር፣ ደብተሩን ያገኘ ላይት የሚባል ጎበዝ ተማሪ፣ «ኪራ» ተብሎ ወንጀለኛ እየገደለ የአዲስ ዓለም አምላክ ልሁን ማለቱ። በጹጉሚ ኦባ ተደርሶ በታኬሺ ኦባታ የተሳለው ማንጋ እ.ኤ.አ. በ2006 በ108ኛው ምዕራፍ አለቀ። ቴትሱሮ አራኪ ያዘጋጀው የማድሃውስ አኒሜ ደግሞ በ2007 በ37ኛው ክፍል ተዘጋ።

ሁለቱም መጨረሻቸው አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ ይገናኛሉ። ላይት ይጋለጣል፣ ፖሊሱ ማትሱዳ ይተኩስበታል። መንገዳቸው የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። በማንጋው ላይት የሞት አምላኩን ሪዩክን ይለምናል፤ እሱ ግን የላይትን የራሱን ስም ይጽፋል። ላይት አልሞትም እያለ እየጮኸ ሁሉም ፊት ይሞታል። በአኒሜው የላይት ተከታይ የሆነው ሚካሚ በብዕር ራሱን ሲወጋ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል፣ ላይትም እየደማ ያመልጣል። ጀምበር እየጠለቀች ነው። ደብተሩን ከማግኘቱ በፊት የነበረው ተማሪው ላይት በአጠገቡ ያልፋል። ከዚያ ደረጃ ላይ ይወድቃል።

ያማረው ምኑ ላይ ነው? የሰማዩ ቀለም ካልሆነ ምንም አይታየኝም። በማንጋው ቢያንስ ሲሞት የሚያዩት ሰዎች አሉ፤ ጠላቶቹም ቢሆኑ ጩኸቱን ሰምተዋል። በአኒሜው አንድም ሰው የለም። ሪዩክ እንኳን አልቀረበውም፣ ከሩቅ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ስሙን ጻፈ። ዓለም ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያየው የፈለገ ሰው፣ ዓይኑን የሚከድንለት አጥቶ ሞተ።

ደረጃው ደግሞ ዝም ብሎ የተመረጠ ቦታ አይደለም። በ25ኛው ክፍል ላይትን የሚያሳድደው መርማሪ ኤል በዝናብ ርሶ ይመጣና ደረጃ ላይ ከላይት እግር ሥር ቁጭ ይላል። በፎጣ እግሩን ያደርቅለታል። ከራሱ ፀጉር ውሃ ይንጠባጠባል፤ በቅርቡ እንለያያለን ይለዋል። ይህ ትዕይንት በማንጋው የለም፤ አኒሜውን የሠሩት ሰዎች የጨመሩት ነው። በዚያው ክፍል ኤል ከወንበሩ ሲወድቅ ላይት ደግፎ ይይዘዋል፣ ኤልም በመጨረሻ የሚያየው የላይትን ፈገግታ ነው። ከ12 ክፍል በኋላ ላይት ደረጃ ላይ ተዘርሮ ዓይኑ ሊከደን ሲል የሚታየው ማን ነው? ኤል። ቆሞ ያየዋል፣ አንዲት ቃል አይናገረውም። እግሩን ያበሰለትን ብቸኛ እኩያውን ገድሎ፣ በስተመጨረሻ የቀረው የእሱ ምስል ብቻ ነው። እኔ በዚህ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ከዚህ የከበደ ፍርድ አላየሁም።

ሙዚቃው ያሳዝናል ይሉኛል። ያሳዝን! ለሟች ማዘንና ሟችን ነፃ ማውጣት ለየቅል ናቸው።

እንዲያውም ላይትን ያከበረው ማንጋው ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ገልጣችሁ ተመልከቱ፤ ከሞተ ዓመት አልፎት ሰዎች መብራት ይዘው ተሰልፈው ተራራ ላይ ይወጣሉ፣ አንዲት ሴት እጇን አገናኝታ ወደ ኪራ ትጸልያለች። በመጋዘኑ የተዋረደው ሰው ተራራው ላይ አምላክ ሆነ። አኒሜው ይህን ጨርሶ አውጥቶታል። ላይት ካለፈ በኋላ ተከታይ የለም፣ ጸሎት የለም፣ ሰልፍም የለም። ስለዚህ የአኒሜው ፍጻሜ ያ ደረጃ ብቻ ነው።

37ኛውን ክፍል ደግማችሁ ልታዩ ካሰባችሁ፣ አደራ፣ በዚያው ምሽት አስቀድማችሁ 25ኛውን እዩ።