አጃይል ለካፋ ቡና፦ የሚበጀውና የሚጎድለው

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች ያወጡት የአጃይል መግለጫ፣ ዕቅድን ከመከተል ይልቅ ለለውጥ ምላሽ መስጠትን፣ ከተሟላ ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌርን ያስቀድማል።

የዘዴው ጥቅም በካፋ ዞን ቡና ላይ ሊታይ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የተመረተበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር ለሚበልጥ ማሳ ወሰኑ በሙሉ ይመዘገባል፣ ለሌላው አንድ ነጥብ ይበቃል። በ2024 መጨረሻ ሊጀምር የነበረው ተፈጻሚነቱም ተራዝሟል። ለዚህ ደንብ የማሳ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን ሁሉን በቅድሚያ ከወሰነ፣ ሥራው ሳያልቅ መስፈርቱ ሊለወጥበት ይችላል። በየሁለት ሳምንቱ እየሠራ የሚያስፈትን ቡድን ግን ስህተቱን በጊዜ ያርማል።

ትችቱም ቀላል አይደለም። ዘዴው ተጠቃሚው ከቡድኑ ጋር ዘወትር እንዲመክር ይሻል፤ የደን ቡና የሚለቅም አርሶ አደር ግን በየጊዜው ቦንጋ ሊመላለስ አይችልም። በእርሱ ፈንታ የቢሮ ሠራተኛ ብቻ ከተጠየቀ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የማይሠራ ሶፍትዌር ይቀርባል። ሠሪዎቹ ተመራቂ ተማሪዎች ሲሆኑ ደግሞ፣ ያልተጻፈው ዕውቀት ከእነርሱ ጋር ይሄዳል።

ስለዚህ አጃይል ለካፋ የሚበጀው ሙከራው ወደ ቀበሌ ሲወርድና እያንዳንዱ ውሳኔ ከነምክንያቱ ሲጻፍ ነው። መግለጫው ሰነድን ከሁለተኛ ደረጃ አስቀመጠ እንጂ አልሻረም። ሁለቱ ከተጓደሉ ጉዳቱ የሚያርፈው በሶፍትዌር ሠሪው ላይ ሳይሆን፣ ማሳው ሳይመዘገብ ቀርቶ ቡናው ገበያ በሚያጣው አርሶ አደር ላይ ነው።