የመጀመሪያዋ ካሜራ

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ብርሃን» እና «መጻፍ» የሚሉ ሁለት ቃላት ተጋብተው ወለዱት። ስለዚህ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መካከል ስለ ካሜራ ቢወራ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም። ፎቶ አንሺም በብርሃን የሚጽፍ ጸሐፊ ነውና። ልዩነቱ ብዕሩ ላይ ነው። ገጣሚ በጥቂት ብር ደብተርና እስክሪብቶ ገዝቶ ሥራውን ይጀምራል፤ በብርሃን ልጻፍ የሚል ወጣት ግን ገና አንድ መስመር ሳይጽፍ የወራት ደመወዙን ይጠየቃል። እንግዲህ «የመጀመሪያ ካሜራዬ የትኛው ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ማን ጸሐፊ ይሆናል፣ ማንስ ሲጻፍበት ይኖራል የሚለውን ጥያቄ በሆዱ የያዘ ነው።

ወልቂጤን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን የምናገኛት የጉራጌ ዞን ከተማ ናት። ጉብሬ ላይ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ስለዚህ ምርቃት አለ። ሠርግ አለ። ከሁሉም በላይ መስቀል አለ፤ በየከተማው የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ እናቱ ቤት የሚመለስበት ሰሞን። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? ካሜራ የሚመኘው ወጣትም ብዙ ነው፤ አንዱ ለእንጀራ፣ አንዱ ለጥበብ፣ አብዛኛው ለሁለቱም። ምክር ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አዲሱን ግዛ፣ ትልቁን ግዛ፣ ሜጋፒክስሉ የበዛውን ግዛ።» በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ምክር ወጣቱን ከጥበቡ ያርቀዋል። ለጀማሪ የሚበጀው ያገለገለች፣ ርካሽ ዲኤስኤልአር ካሜራና አንድ ብርሃን የማይነፍግ ሌንስ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ካሜራ በሀገራችን ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የስቱዲዮ ዕቃ ነበረ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ እንደነበረ እናውቃለን። ከዚያ በኋላም ካሜራ በባለስቱዲዮው እጅ ቆየ፤ ሌላው ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ሊነሳ ይሄድ ነበር እንጂ አንሺ የመሆን ዕድል አልነበረውም። ዲጂታሉ ዘመን ከገባም በኋላ ሌንሱ የሚቀያየርለት ካሜራ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖን ኢኦኤስ 300ዲን ከአንድ ሺህ ዶላር በታች ለገበያ ሲያቀርብ በሩ ገርበብ አለ። ኒኮንም በ2004 ዲ70ን፣ በ2006 ደግሞ ትንሿን ዲ40ን አስከተለ። ዛሬ ሁለቱም ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ መስታወት አልባዎቹ፣ ሚረርለስ ወደሚባሉት ካሜራዎች አዙረዋል። ባለመስታወቱ ዲኤስኤልአር «ጊዜው ያለፈበት» ተባለ። ዋጋው የወረደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፋሽን የጣለውን ጥበብ ያነሳዋል።

ጊዜው አልፎበታል ማለት ግን አይሠራም ማለት ነውን? አይደለም። የዚያች የ2003ቷ ካሜራ ምስል 3072 በ2048 ነጥብ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሒሳብ ቢታተም 26 ሴንቲ ሜትር በ17 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፎቶ ይወጣዋል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች ስንቶቹ ከዚህ ይበልጣሉ?

ሌላም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ካሜራ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ደመወዙ ባለበት የቆመ ወጣት አዲሱን እያሳደደ አይደርስበትም። እቁብ ሲወጣለት ገንዘቡን ሁሉ በአንድ አዲስ ቦዲ ላይ ያፈስሰዋል፤ ለሌንስ፣ ለትርፍ ባትሪ፣ ለመንገድ የሚቀረው የለም። ጎደለ ብሎ የሚበደርም አለ። አበው ይህን ዓይነቱን ሰው አይተው ነው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት።

ወደ ሌንሱ እንምጣ። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚሳብ ሌንስ ለሜዳና ለቀን ብርሃን ደግ ነው። ነገር ግን ፎቶ አንሺው ከሜዳው ወደ አንድ የጉራጌ ጎጆ ይግባ። ብርሃን በበሩ በኩል ብቻ ይገባል፤ ምድጃው ይጨሳል፤ እናት ከእሳቱ አጠገብ ቆጮ ይጋግራሉ። ያ ሌንስ እስከ ጫፉ ሲሳብ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ግን ከእርሱ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ይህ ልዩነት የእናቲቱን ፊት በማየትና ጥቁር ጥላ ብቻ ይዞ በመመለስ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ፍላሽ ይብራ የሚል ይኖራል፤ ፍላሽ ግን ጭሱን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል፤ የእሳቱንም ቀለም ይገድለዋል። የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጉድለቱም አይደበቅ፤ በነዚህ ካሜራዎች ላይ ሲገጠም እይታው ይጠብባል፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ጀርባን ግድግዳ ድረስ ያስጠጋል። ኒኮን ለያዘ ሰው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ይሻለዋል።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን ዐይኑን ይክፈት። መጀመሪያ የሜሞሪውን ዓይነት ይመልከት። 300ዲ፣ 350ዲና ዲ70 የሚጠቀሙት ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለውን ነው፤ ዛሬ ማግኘቱ አድካሚ ነው። ተራውን ኤስዲ ካርድ ከሚቀበሉት፣ ከካኖን 450ዲና 600ዲን፣ ከኒኮን ዲ3100ና ዲ3200ን መፈለግ ይበጃል። ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ይጠይቅ፤ የጀማሪ ካሜራዎች ሻተር ብዙውን ጊዜ የሚገመተው ለ100,000 ያህል ነው። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 አጥብቦ ነጭ ወረቀት ያንሳ፤ በሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ እንደ ነቁጥ ይታየዋል። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ አለመኖሩን ይይ፤ ካለ ሳይከራከር ይመልሰው። ከዲ40 እስከ ዲ3500 ያሉት ትንንሾቹ ኒኮኖች ደግሞ በውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ሞተር የሌለው አሮጌ ሌንስ ቢገጠምባቸው ፎከሱን በእጅ ማስተካከል የግድ ነው።

«ስልክ እያለ ምን ካሜራ ያስፈልጋል?» የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስልክ በጠራ ብርሃን ድንቅ ሥራ ይሠራል፤ ለብዙ ሰውም ይበቃዋል። ነገር ግን ስልክ ውሳኔውን ራሱ ወስኖ ያቀርባል። ቀዳዳን፣ ፍጥነትንና የብርሃን ስሜትን በገዛ እጁ እያመዛዘነ መሳሳትና ማረም የሚፈልግ ሰው በካሜራው ይማራል። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ አያረጁም፤ ነገ መስታወት አልባውን ቢገዛም ዕውቀቱ አብሮት ይሻገራል። ሌንሱም ቢሆን በአገናኝ ቀለበት ሊሻገር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። በሁለት ረድፍ ጎጆዎች መካከል የተዘረጋው አረንጓዴው ጀፎረ፣ ሠርግና ለቅሶ የሚውልበት፣ ልጆች የሚቦርቁበት የጋራ መስክ፣ በዐይናችን ፊት መልኩን እየለወጠ ነው። የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው። ይህን ለውጥ ክፉ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ቆርቆሮ የሚያለብስ ሰው ምክንያት አለው። ግን ማን ይመዝግበው? ትልቅ ካሜራ አንግቶ ለሁለት ቀን የሚመጣ እንግዳ ያማረውን ጎጆ አንስቶ ይሄዳል፤ የባለቤቱን ስም አያውቅም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንዲሉ፣ በሌላ ሰው ዐይን የተነሳ ፎቶ ውበት ቢኖረውም ጨዋታችንን አያውቅም። የሀገር ልጅ ግን የትኛዋ ባልቴት ዝም ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል።

በሀገራችን አርአያ አልጠፋም። ሚካኤል ፀጋዬ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ተመርቆ የዘይት ቀለም ለጤናው ባይስማማው ካሜራ አነሳ። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታ ለአፍሪካ ፎቶ አንሺዎች መድረክ ከፈተች። ቀጣዩ ስም ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ የማይመጣበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ያለህን ገንዘብ በሦስት ክፈለው፤ አንዱን ለአሮጌ ቦዲ፣ አንዱን ለደህና ሌንስ፣ ሦስተኛውን ለትራንስፖርትና ለኅትመት። በመስቀል ሰሞን ወደ ገጠር ውጣ። ከማንሳትህ በፊት ሽማግሌውን አስፈቅድ፤ ቡናውን ጠጣ፤ ጨዋታውን ስማ። ከዚያ ያነሳኸውን አሳትመህ ለባለቤቱ በእጁ ስጠው። አንድ አባት በሕይወታቸው ያላቸው ፎቶ የመታወቂያቸው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንተ የሰጠሃቸውን ግድግዳቸው ላይ ሲሰቅሉት በየትኛው ካሜራ እንደተነሳ አይጠይቁህም።